ለጋሽ ተሰማ መነሳት

ወንበር ለመቀመጫ፣ ቤትም ለመጠለያ ይሠራል ብሎ የሚያምን ሰው የእኛን ካምፓስ አላየም። እኔ አሥራ አንድ ዓመት አስተምሬበታለሁ፤ አሥራ አንዱንም ዓመት ተናድጄ ነው የኖርኩት። ዘንድሮ ግን ባሰብኝ።

እስቲ ላስጎብኛችሁ። በግቢው መሐል አንድ ግዙፍ የሲሚንቶ ወንበር ቆሟል። ስሙ «የእውቀት ወንበር» ይባላል። መሰላል ይዞ ካልመጣ በቀር ማንም አይቀመጥበትም፤ እውቀትም ቢሆን እስካሁን ሲቀመጥበት አላየሁም። ከኋላው አዲሱ ሕንጻ አለ፤ ከላይ እስከ ታች መስታወት፣ ፊቱንም ለነፋሱ የሰጠ። ንድፉን ያወጣው ሰው ቆላ ተወልዶ ቆላ ያደገ መሆን አለበት። የመንዝን ብርድ የሚያውቅ ሰው መስኮት ሲከፍት እንኳ ያማትባል። ተማሪዎቼ እዚያ ውስጥ ጣታቸውን እያሟሟቁ ነው የሚጽፉት፣ እኔም የማስተምረው ጋቢዬን እስከ አፍንጫዬ ስቤ ነው።

ከበሩ አጠገብ ግን አንድ የድንጋይ ቤት አለ። የገነቡት ጋሽ ተሰማ ናቸው፤ ሰማንያን የተሻገሩ የቀየት አገር ግንበኛ። ግድግዳው ክንድ ተኩል ይወፍራል፣ ጣሪያው የጓሳ ሣር ነው፣ ውስጡ ዙሪያውን መደብ አለው፣ መደቡም ላይ ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና ተነጥፏል። በዚህ ግቢ ሰው ሳይንቀጠቀጥ መጽሐፍ የሚገልጥበት ቤት እሱ ብቻ ነው። ታዲያ ዲናችን ምን ቢሉ ጥሩ ነው? ይፍረስ አሉ። ምን በደለ? ከመንገድ ሆኖ ለሚያይ ሰው የእውቀት ወንበሩን ይጋርዳል።

ይፍረስ ብሎ ማፍረስ ደግ አይደለምና ስብሰባ ተጠራ፤ መምህራኑም የከተማው ሽማግሌዎችም በአዲሱ አዳራሽ ተሰበሰብን። የአዳራሹ ወንበሮች ሌላ ጉድ ናቸው። ስትቀመጡባቸው ይዘረጋሉ፣ ስትነሱ በገዛ ፈቃዳቸው እጥፍ ይላሉ። ዲኑ ገለጻቸውን ጨርሰው የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ አሉ። አንድም እጅ አልወጣም። የምትቃወሙስ ቢሉም ያው። በዚያ ብርድ ከጋቢ ውስጥ እጁን የሚያወጣ መንዜ የት ይገኛል? ዲኑ ተናደዱና እንግዲያው እንዲፈርስ የምትደግፉ ተነሱ አሉ።

ይህን ብለው አፋቸውን ሳይገጥሙ በሩ ተከፈተና ጋሽ ተሰማ ገቡ። እግራቸው ስለማይታዘዝላቸው ነው ያረፈዱት። ሽማግሌ ሲገባ ምን እንደሚደረግ ለአንባቢ አልነግርም። አዳራሹ ሙሉ ብድግ ብሎ ኖር አለ። እሳቸውም ዱላቸውን ተደግፈው በእግዜር፣ በእግዜር አሉ፤ ደስ አላቸው። እኔም መልሼ ልቀመጥ ስል ወንበሬ ተጣጥፎ ኖሮ ዘጭ አልኩ። ዙሪያዬን ባይ ግማሹ መምህር ወለሉ ላይ ነው። ወገባችንን ይዘን እስክንነሳ ድረስ ዲኑ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል ብለው አስጽፈው ጨርሰዋል።

እንዴት አልቃጠል? የተነሳነው ቤቱን ለሠሩት ሰው ክብር ነው ብዬ ጮህኩ። ዲኑ ቃለ ጉባኤ የሚመዘግበው መነሳትን እንጂ ምክንያቱን አይደለም አሉኝ። ሦስት ሳምንት አቤት አልኩ፤ ከቢሮ ቢሮ ተንከራተትኩ፣ ተሳደብኩም፣ ተሰደብኩም። በመጨረሻ ስብሰባው ይደገም ተባለ።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? እኔም ከስብሰባው በፊት መምህሩንም ሽማግሌውንም እየዞርኩ መከርኩ። ተነሱ ሲባል ጳጳስ ቢገባ እንኳ ንቅንቅ እንዳትሉ አልኩ። ሁሉም እሺ አለኝ። ሳልመክረው የቀረሁት ሰው ቢኖር አንድ ነው። ጋሽ ተሰማን ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ በዚህ ብርድ ዳግመኛ አይመጡም ብዬ ሳልነግራቸው ቀረሁ። እንዲህ ያለ ብልህ ነኝ እኔ።

ቀኑ ደረሰ። ዲኑ እንዲፈርስ የምትደግፉ ተነሱ አሉ። ንቅንቅ ያለ የለም። ጥርሴን ነክሼ ወንበሬን በሁለት እጄ ጨበጥኩ። ይሄኔ በሩ ተከፈተ።

ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰዋል። ስለ ቤታቸው የደከምነውን ሊያመሰግኑ መምጣታቸውን በኋላ ነው የሰማሁት። በሩ ላይ ቆመው በእግዜር ለማለት ከንፈራቸውን ከፈት አድርገው ጠበቁ። ኖር የሚል ጠፋ። መቶ የሚሆን ሰው ጫማ ጫማውን ያያል። እኔ የጫማዬን ክር ቆጠርኩ። እሳቸውም በሩን ቀስ አድርገው ዘግተው ተመለሱ።

ቤቱ ተረፈ። አንዳንዱ ጨብጦኝ እንኳን ደስ አለህ አለኝ፤ ልመታው ምንም አልቀረኝ። ሮጬ ቤታቸው ሄድኩ። ልጃቸው በር ላይ ቆማ አባቴ ተኝተዋል አለችኝ፣ በጠራራ ፀሐይ። በማግስቱም ተኝተዋል። ሽማግሌ ላክሁ፤ እነሱንም እንቅልፉ መለሳቸው።

ባለፈው ሰኞ ዲኑ እንደገና ሰበሰቡን። ማመልከቻ መጥቷል አሉና ፈገግ ብለው አነበቡት። ጸሐፊው ጋሽ ተሰማ ናቸው። ቤቱ ፈርሶ ድንጋዩ እንዲመለስላቸው ይጠይቃሉ። ያን ቤት የሠራሁት ለሰው ልጆች ነው፣ ለሽማግሌ መነሳት ነውር የሆነባቸው እንዲሞቁበት አይደለም ይላል። ዲኑ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ማመልከቻውን የሚደግፍ ይነሳ አሉ።

መጀመሪያ የተነሳሁት እኔ ነኝ።