ለቡሬ የተነፋ ሲጥታ

ሰውን የሚያደክመው ሥራ ይመስላችኋል? እኔም ድሮ እንዲያ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ግን የሚያደክመው ሥራው ሳይሆን፣ በሥራው መካከል ሳይጠሩት የሚመጣውን ነገር አፍኖ መያዙ ነው። ቅዳሴ ላይ የሚመጣ ሳል አለ። ለቅሶ ቤት የሚመጣ ሳቅ አለ፤ አማት ፊት የሚመጣ ስቅታ አለ። እነዚህን እናንተም ታግላችሁ ታውቃላችሁና ልፋቱን አላስረዳችሁም። የኔው ግን ከሁሉም ባሰ። ሲጥታ ነበር።

በጉብዝናዬ ዘመን ከፎገራ ተነሥቼ አዲስ አበባ ድረስ ሄጄ፣ በአንድ የወታደር ሙዚቃ ጓድ ውስጥ ሳክስፎን ነፊ ሆኜ ነበር። ሳክስፎንን ላላየ ሰው፣ አንገቱ እንደ ቅል የተቆለመመ የነሐስ መሣሪያ ነው። ድምፁ የሚነሣው ግን ከነሐሱ ሳይሆን መንፊያው ላይ ከምትታሰር ስስ የሸምበቆ ስንጣሪ ነው፤ እኛ ምላስ እንላታለን። እሷ ከደረቀች፣ ከተነከሰች፣ ዘመም ብላ ከታሰረች፣ ወይም ነፊው ከፈራ፣ መሣሪያው በጥሩ ዜማ መካከል ሲጥ ይላል። ያስተማሩን ሃምሳ አለቃ ምክራቸው አጭር ነበር፤ "አርጥባት፣ አትፍራ፣ አትንከሳት።" ይችን ለመማር የወጣትነት ዘመኔ አለቀ ብላችሁ አላጋነንሁም።

ኋላ ደረቴን አመመኝና ተሰናብቼ እዚያው ፎገራ፣ ወረታ ከተማ ገባሁ። ይዤ የተመለስሁት አንድ አሮጌ ሳክስፎን፣ አንዲት ጠርዟ የተበላ ምላስ፣ እና በጨርቅ የተጠቀለለች አንዲት አዲስ ምላስ ነበር። አዲሷን ለትልቅ ቀን አስቀመጥኋት። ትልቁም ቀን አልዘገየም። የዘውዱ በዓል ሲቃረብ የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር አስጠሩኝና፣ ሙዚቃ አስተማሪ እንደሚፈልጉ፣ የወረዳው ገዥ በበዓሉ ላይ ሰምተውኝ ከወደዱኝ እንደምቀጠር ነገሩኝ። ደረቱን ለታመመና ሞፈር መጨበጥ ላቃተው ሰው ይኸ ትንሽ ነገር አይደለም።

የተጠጋሁት ታናሽ እኅቴ እናኑ ዘንድ ነው። ቤቷ ክረምት የርብ ወንዝ ሞልቶ ከሚተኛበት ሜዳ ዳር ነው። በዚያ ዓመት ወባው ባሏን ወሰደ፤ የሷንም ጡት አደረቀ። እቅፏ ላይ ያለው ሕፃን የሚያድረው በቡሬ ወተት ነበር። ቡሬ ላሟ ናት። እንግዲህ ክፉ ነገር ተከታትሎ መምጣት ይወዳል፤ የቡሬ ጥጃ ሞተ።

ጥጃ የሞተባት ላም ወተቷን እንደምትይዝ ላገሬ ሰው አልነግረውም፤ ለከተሜው ግን ልንገረው። የሞተውን ጥጃ ቆዳ ጭድ ይሞሉና፣ ጨው ነስንሰው ፊቷ ያቆሙላታል። ስትልሰው ሆዷ ይባባል፣ ወተቷም ይወርዳል። እናኑም ከይፋግ ገበያ ጨው አምጥታ እንዲሁ አደረገች። ቡሬ አሸተተችና ፊቷን አዞረች። እኔ በበኩሌ አልፈረድሁባትም። ሕፃኑ ግን ያለቅስ ነበር።

በዚያው ሰሞን ከበረቱ አጠገብ ቁጭ ብዬ የበዓሉን ዜማ ሳጠና፣ ያች አሮጌ ምላስ እንደ ልማዷ ሲጥ አለች። ረገምኋት። ቡሬ የጥጃ ድምፅ እንደ ሰማች ሁሉ ቀና ብላ ጆሮዋን አቆመችና እምቧ አለች። ለማለብ ሥሯ የተቀመጠችው እናኑ ሳትነሣ ጠራችኝ።

"ወንድምዓለም፣ እስቲ ድገማት።"

"የትኛዋን?"

"ክፉዋን። በመጣች ቁጥር የምትራገምባትን።"

ደገምኋት። ወተቱ ወረደ። ከዚያ ወዲያ ጧትና ማታ፣ ስሸሻት የኖርሁትን ድምፅ አምጬ አወጣ ጀመር። ዜማዬን ስነፋላት ታመነዥካለች፤ ስነክስላት ትታለባለች። ጎረቤታችን መሪጌታ አንድ ቀን በአጥሩ በኩል ሲያልፉ ቆሙና፣ "ልጄ፣ መልካም ጀምረህ ነበር፤ ኋላ ምን ነካህ?" አሉኝ።

"ላም እያለብን ነው፣ የኔታ።"

"በአፍህ?" አሉና መልሴን ሳይጠብቁ ሄዱ።

የበዓሉ ዕለት ጧት ያች መከረኛ ምላስ ከመሐሏ ተሰነጠቀች። ያን ያህል ተነክሳ እስከዚያ መቆየቷም ይገርማል። አዲሷን ፈትቼ አሰርሁና ለቡሬ ነፋሁላት። እንደ ማር ያለ ድምፅ ወጣ። ቡሬ ታመነዥካለች። አድርቄ ነፋሁ፣ አጣምሜ አሰርሁ፣ ሃምሳ አለቃው የከለከሉኝን ኃጢአት ሁሉ ሠራሁ፤ ከንፈሬ የዓመታት ትምህርቷን በአንድ ጧት አልረሳም አለች። ሕይወቴን ሙሉ የለመንሁት ጥራት የመጣው በዚያ ሰዓት ነው። ሕፃኑ ደግሞ ማልቀስ አቁሞ ያቃስት ጀመር፤ ይኸ ከልቅሶው ይከፋል። እናኑ ባዶውን ቅል ይዛ ታየኛለች።

ምላጭ አመጣሁና የአዲሷን ምላስ ጫፍ ሸረፍሁት። ነፋሁላት። ሲጥ አለ። ቡሬም ታለበች።

ከዚያማ ያችኑ የተሸረፈች ምላስ ይዤ የበዓሉ ዳስ ውስጥ ቆምሁ። ገዥው ከመኳንንቱ ጋር ፊት ተቀምጠዋል። አረጠብኋት፣ አልነከስኋትም፤ አልፈራሁም ብል ግን ውሸት ነው። እስከ ዜማው አጋማሽ ድረስ እንዲያ ነፍቼ አላውቅም። ከፍ ወደሚለው ቦታ ስደርስ ሲጥ አለች። ዳሱ በሳቅ ተናጋ፤ ዲሬክተሩ ጫማቸውን ያዩ ጀመር። እኔም በቃ፣ አለቀ አልሁ።

ከኋላ ከሴቶቹ መካከል አንዲት ሴት እልል አለች። ድምጿን አውቀዋለሁ፤ እናኑ ናት። በኛ አገር ደግሞ አንዷ እልል ካለች ሌሎቹ ምክንያቱን አይጠይቁም፤ ብቻዋን መተዉ ነውር ነው። የፎገራ ሴት ሁሉ ተቀበለቻት። ሳቁ ጠፋ። ሲጥታዋ የዜማው ዋና ነገር መሰለች። ገዥው በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ዲሬክተሩ ዘንበል ብለው፣ "ያችን ይድገማት" አሉ።

ስለዚያ ንጹሕ ዜማ አንድም ሰው አላነሣም። ወደ እናኑ አየሁ፤ ሕፃኑ ጀርባዋ ላይ ጠግቦ ተኝቷል።

ደገምኋት።