ደወሉ እስኪደወል

ትናንት ቀትር ላይ ትርሲት ጉድ የሚያሰኝ ሕልም አየች። ለሁለቱ ልጆቿ የእንቅልፍ ሰዓት መሆኑን አውጃ፣ ደወሏን ደውላ፣ መሐላቸው ፍራሹ ላይ ጋደም ከማለቷ ከልጆቹ ቀድሞ እሷን እንቅልፍ ወሰዳት።

በሕልሟ ከኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ሥር ተሰልፋ ነበር። ሰልፈኞቹ እናቶችና አባቶች ናቸው። አንገታቸው ላይ የለሃጭ መቀበያ ታስሮላቸዋል፤ ምሳ ዕቃቸውንም አንጠልጥለዋል። ሦስተኛ ፎቅ የሚኖረው ጢማሙ መሐንዲስ የልጁን ሱሪ ጨምድዶ ይዞ ይነፋረቃል።

"አትሂድብኝ" ይላል።

"ማታ ብስኩት ይዤልህ እመጣለሁ" አለው ልጁ፤ ቦርሳውን አንግቶም ወደ ሥራው ሄደ።

በሩ ላይ አንዲት ዶሮ ቆማ የገቢውን ሁሉ ጥፍር ትመረምራለች። የትርሲትን አየችና ራሷን ነቀነቀች።

"ያሳፍራል፤ ቢሆንም ግቢ" አለቻት።

ስትገባ የገዛ ቤቷ ነው። ወንበሮቹ ጣሪያው ላይ ተደርድረዋል፤ ሰዉም ቁልቁል ተዘቅዝቆ ተቀምጧል። ማንም አይወድቅም፤ የመውደቂያ ሰዓት ገና ነዋ። ሾርባው ከሳህን ወደ ድስት ይጨለፋል። ፀሐይ መስኮቱን አንኳኩታ "ልግባ?" ብትል "ተራሽ አልደረሰም" ተባለችና አንገቷን ደፍታ ተመለሰች።

ደወሉን የያዘችው የአምስት ዓመቷ ሶልያና ናት። የእናቷን ነጠላ አጣፍታ፣ የእናቷን መነጽር አፍንጫዋ ላይ አንጠልጥላለች። የሦስት ዓመቱ ያፌት ደግሞ የአባቱን ክራቫት አስሮ እንደ ተቆጣጣሪ ወዲያ ወዲህ ይንጎራደዳል። ትርሲት እነሱን እያየች ሳለ ሽንቷ መጣ።

"ሶልዬ፣ ሽንቴ መጣ።"

"ሶልዬ አይባልም። እማዬ በይ።"

"እማዬ፣ ሽንቴ መጣ።"

"አሁን የምን ሰዓት ነው?"

"የቀለም ሰዓት።"

"ታዲያ ቀለምሽን ቀቢያ። ጎበዝ ልጅ ትጠብቃለች።"

ይህችን ንግግር ትርሲት አሳምራ ታውቃታለች። የራሷ ናት። የሰፈሩ መዋዕለ ሕፃናት ከተዘጋ ወዲህ ልጆቿን ቤት ውስጥ የምታስተምረው እሷ ናት፤ ቀኑንም ከፋፍላ የመዝሙር፣ የቀለም፣ የመክሰስ፣ የእንቅልፍ፣ የሽንት ሳይቀር ሰዓት አበጅታለታለች። ከአንዱ ወደ አንዱ የሚታለፈው በደወል ብቻ ነው። ክፉ እናት አይደለችም፤ ይህን ሳንናገርላት ብናልፍ ግፍ ይሆንብናል። ልጆቼ ከሰው ልጆች ወደ ኋላ ይቀሩብኛል የሚል ፍርሃት ነው እንቅልፍ የነሳት። ጎረቤቷ እትዬ ስንዱ "ኧረ ልጄ፣ ትንሽ ላላ አድርጊላቸው። የዘፈኑ ሰዓት ቢረዝም፣ የቀለሙ ቢያጥር ምን ይመጣል? ሕፃናት እኮ ናቸው" ብትላት "ዛሬ ከለቀቅኳቸው ነገ አልይዛቸውም እትዬ" ብላ መልሳላታለች። ይባስ ብላ ባለፈው ቅዳሜ እንግዶች ሲመጡ፣ ያፌት ሽንቱን ይዞ፣ እግሮቹን አጣምሮ ደወሉን ሲጠብቅ በኩራት አሳየቻቸው። እንግዶቹ ሳቁ። እሷም አብራ ሳቀች።

ሕልሙ ታዲያ ይህን አልዘነጋም። በሩ ተበረገደና የቅዳሜዎቹ እንግዶች ሶፋቸውን በጀርባቸው አዝለው ገቡ። ያፌት ክራቫቱን አስተካከለ።

"እዩልኝማ የኛን ልጅ" አላቸው። "ሽንቷ መጥቷል፤ ግን ትጠብቃለች።"

ትርሲት እግሮቿን አጣመረች። እንግዶቹ አጨበጨቡ።

"ምን እያበላችሁ ነው እንዲህ ያሳደጋችኋት?" አለች አንዷ።

"ምግብ አይደለም፤ ደወል ነው" አለች ሶልያና።

ትርሲት ፊቷ እንደ በርበሬ ቀላ። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ብላ ተመኘች፤ መሬቱ ግን ከተዘቀዘቀው ራሷ በታች ተንጣልሎ በጣም ሩቅ ነበረ። ያፌትን በክራቫቱ ሳብ አድርጋ በጆሮው ለመነችው።

"አባቴ፣ አልቻልኩም። ሰው ፊት ልዋረድ ነው።"

"እኔም እኮ አልችልም ነበር" አላት ቀስ ብሎ።

"ታዲያ ያን ጊዜ ምን አደረግክ?"

"አንቺን አየሁሽ። ስትስቂ ጊዜ እኔም ሳቅሁ።"

ይህን ስትሰማ ያን ያህል የያዘችው አመለጣት። እንግዶቹ እየሳቁ ዣንጥላቸውን ዘረጉ። ዶሮዋ በበሩ ብቅ ብላ "ያሳፍራል ብዬ ነበር" አለች። ትርሲት ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና እንደ ሕፃን አለቀሰች፤ ሙቀቱም ከወገቧ እስከ ጉልበቷ ሲወርድ እውነተኛ ሙቀት ነበር።

በድንጋጤ ነቃች። ቀሚሷ ርሷል። "በዚህ ዕድሜዬ" አለች በልቧ፤ በዳበሳም አንሶላውን ነካች።

ቤቱ ደንገዝገዝ ብሏል፤ ፀሐይ እስከ መስኮቱ መጥታ፣ ጠብቃ ጠብቃ ሄዳለች። ልጆቹ እንዳስተኛቻቸው በግራና በቀኝ ተጋድመዋል። ሶልያና በትርሲት ሆድ ላይ እጇን አሻግራ የወንድሟን እጅ ይዛለች። ሁለቱም ዓይናቸውን ጥርቅም አድርገው ጨፍነዋል፤ እንቅልፍ ግን እንዲህ አያስጨፍንም።

"ሶልዬ፣ መቼ ነው የነቃችሁት?"

"አልተኛንም" አለች ሶልያና ዓይኗን ሳትገልጥ። "ደወሉን ተኝተሽበት ነው።"

ትርሲት ትከሻዋ ሥር ዳበሰች። ደወሉ እዚያው ነበር።

"ታዲያ ለምን አልቀሰቀሳችሁኝም?"

"የእንቅልፍ ሰዓት ነዋ።"

ያፌት ከወገቡ በታች ያለው ሁሉ ርሶ ይንቀጠቀጣል። ዓይኑን አሁንም አልገለጠም።

"እማዬ" አለ፤ "መጀመሪያ ጠብቄ ነበር። ትንሽ ጎበዝ ነኝ?"