የቲቸር ካሣዬ ሳክስፎን

የወደደውን ዘፈን አንተም ካልወደድክለት ሰላም የማያገኝ ሰው በየከተማው አይጠፋም። የቆቦ ድርሻችን ክቡር መምህር ካሣዬ ናቸው፤ ከደብረ ታቦር ተመድበው የመጡ የፊዚክስ አስተማሪ፣ ከእኔ ጋር ግድግዳ የሚጋሩ። ክንድህን ጨምድደው ይይዙና «ዝም! እዚህ ጋ ስማ!» ይላሉ።

አበሳችን የጀመረው በሙሐመድአሚን ባጃጅ ነው። መምህሩ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ከፍላሹ አንድ የጃዝ ሙዚቃ ተነሣ፤ መሐሉ ላይ ሳክስፎኑ ብቻውን ወጣ። ቤታቸውን አለፉ። ገበያውንም አለፉ።

«ቲቸር፣ ዋጃ ሊሄዱ ነው እንዴ?» አላቸው ሙሐመድአሚን።

«ዝም! እዚህ ጋ ስማ!»

ማን እንደተጫወተው ባለባጃጁም አያውቅ። መምህሩ ሳክስፎን በእጃቸው ነክተው አያውቁም፤ ግን ዩኒቨርሲቲ ሳሉ ከሙዚቃ ክበብ ኖታ መጻፍ ተምረዋል። ስለዚህ ያችን ሶሎ ከነትንፋሿ ወረቀት ላይ ሊያወርዷት ማሉ።

ከዚያማ ምን ልበላችሁ! ሙዚቃውን ከፍላሹ በስልካቸው አስገልብጠው ሁለት ሰከንድ ያሰማሉ፣ ያቆማሉ፣ በአፋቸው «ቲራ-ራ-ዱ» ይላሉ፣ ይጽፋሉ፣ ይሰርዛሉ። ሰባት ሳምንት! ጎብዬ ለቅሶ ሄደን ድንኳን ውስጥ በጆሮዬ «ኢብሮ፣ ሦስተኛው መስመር ገባልኝ!» ብለው ስላስፈገጉኝ፣ የሟች ቤተሰብ እስከ ዛሬ በክፉ ዓይን ያየኛል። ባለቤቴ አሚናማ «ይህን ሰውዬ አላህ ይገላግለው» ማለት አበዛች።

አንድ ቦታ ግን አልጨበጥ አላቸው። ድምፁ ከላይ እንደ ጎርፍ ተንደርድሮ ሲወርድ ስንት ኖታ እንደሆነ አይለይም። ሰውዬው ከሱ። «ተውኩት፣ ኢብሮ» ብለው ደብተሩን ዘጉ። ሦስት ቀን ከግድግዳው ማዶ ጭር አለ። ያን ዝምታ ስመኝ የኖርኩት እኔ፣ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ መለጠፍ ጀመርኩ።

በአራተኛው ቀን ጧት ቧንቧው ጋ ፊቴን ስታጠብ በራቸው ተበረገደ። አንድ እግር ጫማ ብቻ አድርገዋል።

«ምን አልክ?»

«ምን አልኩ?»

«አሁን ያንጎራጎርከው! ያቺው ቦታ እኮ ናት! ቀስ አድርገህ በላት!»

ወላሂ አላወቅኩም ነበር። ለካ እኔ ሳማርር ጆሮዬ ሲያጠና ኖሯል። ቀስ ብዬ አልኳት፤ እሳቸው በጣታቸው ቆጠሩ።

«ዘጠኝ! እኔ አሥራ አንድ መስሎኝ ስለፋ፣ ዘጠኝ ናት!» ብለው እርጥብ ግንባሬን ሳሙኝ።

ደብተሩን ቧንቧው አጠገብ ባለው በርሜል ላይ ዘርግተን ሶሎዋን ከጫፍ እስከ ጫፍ በአፋችን ተወጣናት። አሚና በሳቅ መጥረጊያዋን ጣለች። ስንጨርስ መምህሩ ላባቸውን ጠርገው ደብተሩን ሊያጥፉ ሲሉ፣

«የት ሊሄዱ ነው?» አልኳቸው። «ከመጀመሪያው እንጂ!»