ሥልጠና የወሰደ ኩሬ

በአርሲ ደጋ ሥልጠና የወሰደ ሰው የሌለበት ቀበሌ የለም። መብራት የሌለበት ሞልቷል፤ ክረምት ሲገባ መንገዱ የሚጠፋበትም አለ፤ ሥልጠና የወሰደ ሰው ግን የትም አይጠፋም። ሦስት ቀን አዳማ ውሎ ይመጣና ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልኩን ጎረቤቱን ሲያሠለጥን ይኖራል። የተሰጠው ኮፍያ ከራሱ አይወርድም፤ የምስክር ወረቀቱ በላስቲክ ተለብጦ ከግድግዳው አይወርድም፤ እሱም ከሰው ጫንቃ አይወርድም።

ከአሰላ ወጣ ብሎ፣ ከጭላሎ ግርጌ ለሚኖሩት ለእትዬ አልጣሽ የደረሳቸው ሠልጣኝ ነስረዲን ነው። የሱ ማሳ ከላይ፣ የሳቸው ከታች፣ በመሀል አንድ የቁልቋል አጥር አለ። ነስረዲን የሠለጠነው «በውሃ ሀብት አያያዝና በአነስተኛ መስኖ» ሲሆን ይህን ስም ሳያሳጥር፣ ትንፋሽ ሳይወስድ፣ በጥምቀትም በአረፋም ይጠራዋል። ንግግሩን የሚጀምረው «በሳይንሱ ሲታይ» ብሎ ነው። የሚከራከረው ሰው ከተገኘ ደግሞ ኮፍያውን አስተካክሎ «ሥልጠና ወስደሃል?» ይለዋል፤ ክርክሩም እዚያው ላይ ያበቃል።

በክረምት አራት ወር ሙሉ ውሃው በሁሉም ደጅ እየተንጋጋ ቁልቁል ወደ ዴራ በኩል ይነጉዳል፤ ጥር ሲገባ ያው ሰፈር ጀሪካን ተሸክሞ ውሃ ፍለጋ ይወጣል። ይህን የሚያህል ሞኝነት ማንንም አላሳፈረም፤ ነስረዲንን ብቻ እንቅልፍ ነሳው። ከመስጊድ ደጃፍ ለዉዱእ ቧንቧ የሚከፍተውን ሁሉ አጠገቡ ቆሞ በዓይኑ ስለሚቆጣጠር ሽማግሌዎቹ «ነስረዲን፣ አቦ፣ ሰላቱ ሊያመልጠን ነው!» እያሉ ያባርሩታል። የእትዬ አልጣሽ ባለቤት ወልደ ጊዮርጊስ የሞቱ ጊዜ እንኳ ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ ድንኳኑ ውስጥ አንገቱን ደፍቶ ብዙ ከተቀመጠ በኋላ፣ ሰው እጁን ሲታጠብ ቢያይ «ይኼ እጣቢ እኮ ለጎመን ይበቃል» አለ። ለቀስተኛው ደነገጠ። እትዬ አልጣሽ በነጠላቸው ተሸፋፍነው ትከሻቸው ሲርገፈገፍ ሴቶቹ አዘኑላቸው። የሳቁት በዚያ ሐዘን መሀል አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እስከ ዛሬም ለማንም አልተናገሩትም።

የጠብታ መስኖው ዘመን ደግሞ ነበር። ክቡር ሠልጣኙ ከየሠርጉ የሃይላንድ ጠርሙስ ለቅሞ፣ ክዳናቸውን በመርፌ በስቶ፣ አርባ የጎመን ችግኝ አናት ላይ ዘቅዝቆ ሰቀላቸው። ቀዳዳው ሲሰፋ ውሃው ባንድ ጊዜ ዱብ አለ፤ ሲጠብ ደግሞ ጭራሽ እምቢ አለ። በመጨረሻ ነስረዲን ራሱ ከችግኝ ችግኝ እየሄደ ጠርሙሶቹን በእጁ ይጨምቅ ጀመር። እትዬ አልጣሽ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው «ምን እያደረግክ ነው?» ቢሉት ቀና ሳይል፣ «አውቶማቲክ ነው፣ እትዬ አልጣሽ። ውሃው ራሱ ይንጠባጠባል» አላቸው፤ መጭመቁንም ቀጠለ። ጠርሙሶቹን ሚስቱ ራቢያ ለዘይት ወሰደቻቸው፤ ጎመኑን አህያ በላው።

ከዚያ ኩሬው መጣ። ነስረዲን ደቦ ጠርቶ፣ ራቢያ የገብስ ጩኮ በቅቤ እያቀረበች፣ ከእትዬ አልጣሽ አጥር በላይ ከሰው ቁመት የሚጠልቅ ጉድጓድ አስቆፈረ። እንደ ሥልጠናው ቢሆን በፕላስቲክ ነበር የሚለበጠው። ፕላስቲክ ስላልነበረው በጭቃ፣ በጭድና በእበት ለሰነውና «ጉንዳን እንኳ አያሾልክም» ሲል አወጀ። የነሐሴ ዝናብ አፍ እስከ ገደፉ ሞላው። ያኔ ከሠርግ የተረፈ ሪባን ወጥሮ፣ ጎረቤቱን ሰብስቦ፣ ሪባኑን በማጭድ ቆረጠው። ተጨበጨበ። የጀመረው ግን እሱ ራሱ ነው።

በኅዳር ኩሬው ጎደለ። በታኅሣሥ ግማሽ ሆነ።

«ትነት ነው» አለ ነስረዲን።

«ትነት ነው ወይስ ያፈሳል?» አለው እንደሻው፣ የእትዬ አልጣሽ ባል ታናሽ ወንድም፣ ለመሳቅ ተዘጋጅቶ።

«ሥልጠና ወስደሃል?»

ክርክሩ አበቃ፤ ውሃው ግን መጉደሉን አላበቃም። ነስረዲን በጣት በጣት የተለካ እንጨት ኩሬው ውስጥ አቁሞ ጠዋት ጠዋት እያነበበ በደብተሩ ይጽፋል፦ «ዛሬ፣ ሁለት ጣት። ትነት።» ራቢያም በሩ ላይ ቆማ፣ «ሁለት ጣት ውሃ ከምትጽፍ ሁለት ባልዲ ብታመጣልኝ ምን አለበት?» ትለዋለች።

እትዬ አልጣሽ ግን በዚያ ዓመት የሚያስቃቸው ነገር አልነበረም። ከባላቸው የቀረቻቸው ያቺ አንድ ጥማድ መሬት ናት፤ ድንጋይዋን አብረው ለቅመው ያቀኗት። የመስኖው ቦይ የሚያልፈው ከማሳው በታች ነው፤ ውሃ ደግሞ ሽቅብ አይሄድም፤ ይህን ለማወቅ ሥልጠና አያስፈልግም። ስለዚህ በየበጋው ነጭ ሽንኩርቱን በጀሪካን ከወንዝ እያመላለሱ ሲያጠጡ ኖሩ። አምና ጉልበታቸው ከዳቸው፤ ሽንኩርቱም ግማሹ ደረቀ። እንደሻው መጥቶ «እትዬ፣ ዘንድሮም ከደረቀ ማሳውን ለእኩል ይስጡኝ፤ የቢራ ገብስ እዘራበታለሁ። እርስዎ ቤት ይቀመጡ» አላቸው። ቤት መቀመጥ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ፤ ማሳው አይመለስም። ቢሆንም «እሺ፤ ዘንድሮም ከደረቀ» ብለው ቃል ሰጡ።

ዘንድሮ ግን አልደረቀም። አንድ ጀሪካን ሳያፈሱ፣ የሰፈሩ ሽንኩርት ሁሉ ሲገረጣ የሳቸው ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ቆመ። መጀመሪያ አምላካቸውን አመሰገኑ፤ ቀጥሎ እጃቸውን። ሦስተኛውን ተመስጋኝ ያገኙት አንድ ጠዋት አጥሩ ሥር ሲኮተኩቱ ነው፤ የዶማው ጉድጓድ እያዩት ውሃ ሞላ። ጎንበስ ብለው በጣታቸው ነክተው አሸተቱት። እበት እበት ይላል።

የነስረዲን ትነት ከእግራቸው ሥር ነበር።

ግራ ቀኝ አዩ፤ ጉድጓዱን በአፈር መለሱና በእግራቸው ጠቅጠቅ አደረጉት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ነስረዲንን በአክብሮት ሰላም ይሉት ጀመር። በሠላሳ ዓመት ጉርብትና ያላየው ነገር ስለሆነ ሰውየው ክፉኛ ተጠራጠረ። ደብተሩን ይዞ ወረደ።

«እትዬ አልጣሽ፣ በሳይንሱ ሲታይ ይኼ ሽንኩርት መድረቅ ነበረበት።»

«እጄ ነው» አሉ እትዬ አልጣሽ ዓይናቸውን ሰብረው። «የተከልኩት ይጸድቅልኛል።»

ነስረዲን «እጅ» ብሎ ጻፈ። ትንሽ አሰበና «ይመረመር» ብሎ ጨመረ።

ሌላ ሰው ቢሆን ይቀና ነበር። ይሄ ጉደኛ ግን ወረዳ ድረስ በእግሩ ሄዶ፣ በሳምንቱ ፊቱ በርቶ ተመለሰ። «ደስ ይበልዎት! ለሞዴል አርሶ አደርነት አስመዝግቤዎታለሁ። በየካቲት እንግዶች መጥተው ዘዴዎን ይጎበኛሉ!»

እትዬ አልጣሽ ወሩን በጣታቸው ቆጠሩ። እንግዶቹ ሲመጡ ሽንኩርቱ እስኪነሳ ገና አንድ ወር ይቀረዋል። እውነቱን ቢናገሩ ነስረዲን በማግስቱ የኩሬውን ማፍሰሻ ይደፍነዋል፤ ሽንኩርቱ ይደርቃል፤ ማሳው ለእንደሻው ይሄዳል። ዝም ቢሉ ደግሞ የሰው ውሃ ጠጥተው የሚሸለሙ ሌባ ናቸው። «ይኼን ሰው ማን አሠለጠነብኝ?» እያሉ ሰነበቱ።

እንግዶቹ በሁለት መኪና መጡ። መጀመሪያ የታየው ኩሬው ነው። ነስረዲን ኮፍያውን አጥቦ፣ የምስክር ወረቀቱን ከግድግዳ አውርዶ ብብቱ ሥር ይዞ፣ «በውሃ ሀብት አያያዝና በአነስተኛ መስኖ» ብሎ ጀመረ። ኩሬው ታች ሁለት ስንዝር የማይሞላ ውሃ፣ ውሃው ውስጥ ደግሞ እንቁራሪት አለ። ጥቁር መነጽር ያደረገው ኃላፊ ወደ ታች ተመለከተና፣ «ኩሬ ነው ወይስ የእንቁራሪት ማደሪያ?» አለ። እንግዶቹ ሳቁ። ሰፈርተኛው ሳቀ። እንደሻው ከሁሉ አስበልጦ ሳቀ።

«ትነት…» አለ ነስረዲን። ቀሪው አልወጣለትም። ኮፍያውን አወለቀ። በራ መሆኑን ሰፈሩ ያወቀው ያን ጊዜ ነው። እትዬ አልጣሽስ ስንት ዓመት ስቀውበታል! ያን በራ ራስ ሲያዩ ግን እንኳን ሊስቁ እንባቸው ቀረበ።

ሰዉ ቁልቁል ወርዶ ሽንኩርቱን ከበበ። «እናታችን፣ ዘዴዎ ምንድን ነው?» አለ ኃላፊው።

እትዬ አልጣሽ አፋቸውን ከፈቱ። «እጄ ነው» ሊሉ ነበር። ከእንግዶቹ ኋላ ግን ነስረዲን፣ አሁን ከሰው ፊት የተዋረደው ነስረዲን፣ ደብተሩን ገልጦ፣ እስክርቢቶውን አስተካክሎ፣ የሚሉትን ሊጽፍ በጉጉት ቆሟል። ይሄኔ አልቻሉም።

«ዘዴው የኔ አይደለም» አሉ። «የሱ ነው። ዝናቡን ከላይ ይዞ፣ በመሬት ውስጥ ለኔ ይልክልኛል።» ዶማቸውን አንስተው አጥሩ ሥር ቆፈሩ። ጉድጓዱ ውሃ ሞላ። ከዚያ ወደ ነስረዲን ዞሩ። «ትነት አይደለም፣ ወንድሜ። ትነቱ እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ።»

ነስረዲን አልጻፈም። ደብተሩን ዘጋ።

ኃላፊው መነጽሩን አውልቆ ጉድጓዱን አየ፤ ቀድሞ የሳቀው እሱ መሆኑ ትዝ ሳይለው፣ «ይኼ እኮ የከርሰ ምድር መስኖ ነው! ድንቅ ነው!» አለ። ተጨበጨበ። ለነስረዲንም እዚያው ሽልማት ተቆረጠለት፤ ውሃው እንዳይሰርግበት ኩሬውን የሚለብጥበት አንድ ጥቅል ጥቁር ፕላስቲክ። የተሸለመውን መስኖ በሽልማቱ እንዲደፍን ማለት ነው። ይህን ያስተዋሉት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አንደኛዋ እትዬ አልጣሽ፣ ሁለተኛው ፈገግ ያለው እንደሻው።

በሦስተኛው ቀን ራቢያ ተጨንቃ ወረደች። «እትዬ አልጣሽ፣ ነስረዲን ሳይታመም አልቀረም። ዋላሂ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ስለ ውሃ አንድ ቃል አልተነፈሰም።»

በአራተኛው ቀን ከላይ የዶማና የድንጋይ ድምፅ ተሰማ። እትዬ አልጣሽ በራቸውን ዘግተው ተቀመጡ። ሰውየው የገዛ ውሃውን መያዙ ነው፤ ምን ይሉታል? ማሳቸውን በልባቸው ተሰናበቱት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግን አላስችል አላቸውና ጉልበታቸውን እየደገፉ ወደ አጥሩ ወጡ።

ነስረዲን ሱሪውን ጠቅልሎ ኩሬው ውስጥ ቆሟል። ፕላስቲኩ በላይኛው ጎን፣ በግራና በቀኝ ተወጥሮ፣ ጫፍ ጫፉ በድንጋይ ተይዟል። በእትዬ አልጣሽ በኩል ያለው ጎን እንደ ድሮው እበትና ጭቃ ነው።

«ይኼኛውስ?» አሉ እትዬ አልጣሽ።

«ፕላስቲኩ አነሰኝ» አለ ነስረዲን ቀና ሳይል።

እትዬ አልጣሽ ወደ ነስረዲን ግቢ አዩ። የራቢያ የጭድ ክምር ከአናቱ እስከ ታች አዲስ ጥቁር ፕላስቲክ ለብሷል፤ ዳር ዳሩም ተርፎ መሬት ላይ ተጠቅልሏል። ራቢያ በሩ ላይ ሆና ፊቷን አዞረች።

«አዎ» አሉ እትዬ አልጣሽ። «ሳየውም አንሷል።»

«በሳይንሱ ሲታይ ደግሞ» አለ ነስረዲን ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ኩሬ በአንድ ጎኑ መተንፈስ አለበት።»

«ሥልጠናው ላይ ነው ያስተማሯችሁ?»

ነስረዲን የያዘውን ድንጋይ ከፕላስቲኩ ጫፍ ላይ አስቀመጠ። «አላስተማሩንም» አለ።

ሽንኩርቱ የተነሳው በመጋቢት ነው። እትዬ አልጣሽ አፈሩን እያራገፉ ሲከምሩ እንደሻው መጣ። ስለ ማሳው ያነሳው ነገር አልነበረም፤ ቁልቁል ሽንኩርቱን፣ ሽቅብ ኩሬውን ሲያይ ቆየና ሳቁ መጣ። «ሦስት ጎን ለብጦ አራተኛውን መተው! እትዬ፣ እንዲህ ያለ ደንቆሮ አይተው ያውቃሉ?»

እትዬ አልጣሽ ቀስ ብለው ቀና አሉ። ወገባቸውን ያዙ፤ ሻሻቸውን ልክ እንደ ኮፍያ አስተካከሉ።

«እንደሻው» አሉ፣ «ሥልጠና ወስደሃል?»

እንደሻው አልወሰደም።