ለጃንሆይ ሦስት ብቻ?

አንዲት ቀን ስንቱን ትሸከማለች እናንተ! ሬዲዮኑ ጠዋት ጠዋት «በዛሬዋ ዕለት እገሌ ተወለደ፣ እዚያ ማዶ ጦርነት ተነሣ፣ ድልድይ ተመረቀ» እያለ ሲያነበንብ፣ ያቺ ምስኪን ቀን ይህን ሁሉ አዝላ እንዴት እንደመሸላት ይገርመኛል። የእኛን ጉድ ግን እስካሁን አላነሣውም። እኔ ላንሣለት!

ሐምሌ አሥራ ስድስት ነው፤ የጃንሆይ ልደት። የቡታጅራ ሰው በዚያ ጭቃ አደባባይ ወጥቶ የሹሙን ንግግር ይሰማል፤ የእህቴ የብዙነሽ ባል ደሳለኝም እዚያው ነው። ብዙነሽ ደግሞ ከአደባባዩ ጀርባ ባለው ቤቷ ከትናንት ጀምሮ ታምጣለች። ሦስት ሴቶች ወልዳለታለች። «አራተኛዋም ሴት ከሆነች ወደ እናትሽ ቤት!» ብሏታል፤ ሲቀልድም አልነበረም። እንግዲህ አስቡት፤ ብትሞትም ፍርሃት፣ ብትወልድም ፍርሃት።

ከመስቃን ያስመጣናቸው አዋላጇ እትዬ ሸምሲያ፣ «አልሀምዱሊላህ! ሴት ናት፤ እናቲቱም ደኅና» አሉ። ብዙነሽ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኛ ሴቶች ግን ወጉን እናስቀር? ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት እልልታ አይደል? ሦስቱን አቅልጠን አቆምን።

በሩ ተበረገደ። አሥር አለቃ! ካፖርቱ ውሃ ያንጠባጥባል፤ ዱላው በእጁ ነው።

«የጃንሆይ ስም ሲጠራ እልል ያላችሁት እናንተ ናችሁ?»

«እ... እኛ ነን ጌታዬ።»

«ታዲያ ማን አቁሙ አላችሁ? ለጃንሆይ ሦስት ብቻ? ሹሙ ንግግራቸውን አቋርጠው ሲጠብቁ!»

ለጃንሆይ ሳይሆን ለአራስ ነው ልል አፌን ስከፍት፣ እትዬ ሸምሲያ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ።

«ጨምሩ!» አለ።

ጨመርን! በፍርሃት የወጣ እልልታ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ጣራ ይነቅላል። ጉሮሯችን ልማዱ ነውና ሰባት ላይ ሲደርስ ቆመ።

ደሳለኝ አደባባይ ሆኖ፣ ሦስቱን እንደ ሰዉ ሁሉ ለጃንሆይ መስሎት፣ ሰባቱን ቆጥሯል። «ወንድ! ወንድ!» እያለ ጭቃውን እያቦካ መጣ። ሕፃኗን ገለጥ አድርጎ አየ። ፊቱ ጠቆረ።

«ታዲያ ሰባቱ ለማን ነው?» ብሎ አንባረቀ።

አሥር አለቃው ከበሩ ሥር ዱላውን አስተካከለ። «ለጃንሆይ ነዋ! ሰባት በዛብህ?»

«ኧረ ምን በወጣኝ ጌታዬ! አነሰ እንጂ።»

«ምን ያስጮህሃል ታዲያ? በጃንሆይ ቀን የተወለደች ልጅ ከፋችህ?»

«እኔን? ደስታው ነው እንጂ!» አለና ሕፃኗን አነሣት። እጁ ይንቀጠቀጣል።

ፖሊሱም የአራሷ ገንፎ ሸተተውና ተቀመጠ። ቀስ ብሎ ይበላል። ደሳለኝ ሊያስቀምጣት አልደፈረም፤ እንደታቀፋት ቆሞ ቀረ። ገንፎው ሳያልቅ እጁ መንቀጥቀጡን ተወ፤ ጣቱን ጨብጣ ይዛው ነበር።

ብዙነሽ ወደ እናቷ ቤት አልሄደችም። አባት ሴት ልጁን እንዲያቅፍ እንግዲህ ለየቤቱ አንድ አንድ ፖሊስ ይመደብልን? እኔ እንጃ! ገንፎውንስ ማን ይችለዋል?