ያልበራ መብራት የሚሸጡ ሰው

ያልወለደች ላም ወተት የሚሸጥ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን የባሰ አጋጥሞኛል። ጣልያን ደብረ ማርቆስ በነበረ ጊዜ ጎረቤታችን ጋሼ ቢተው ምሽጉ ላይ በሞተር የሚበራ አምፖል አይተው መጡ። ከዚያ ወዲያ ሰላም አጣን።

"ወንዛችን ወፍጮ ካዞረ ሞተር ያቅተዋል? መብራቱን በሽቦ አሻግረን ለማዶ ሰዎች እንሸጣለን" አሉ።

የማዶ ሰዎች ይህን ሰምተው "ወንዙ የጋራ ነው፤ ሻጮቹስ እኛ ነን" ብለው ተቆጡ። ሽማግሌ ተቀመጠ። ሞተሩ የት አለ ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም።

በዚህ መሀል ክረምት ገባ። ጣራው እያፈሰሰ በእኛ በኩል ያለው የምድጃ እሳት ሁሉ ጠፋ። ልጄን ብርድ መትቷት ስለነበር አጥሚት ላፈላላት ገል ይዤ እሳት ልጭር ወደ ማዶ ስነሳ ጋሼ ቢተው መንገድ ዘጉብኝ።

"አንቺ፣ ዛሬ እሳት ከለመንሻቸው ነገ መብራታችንን ማን ይገዛናል?"

"ታዲያ መብራትዎ እስኪመጣ ልጄ ትንቀጥቀጥ?"

እኔ እንኳን ወንዝ ኩሬም የምፈራ ነኝ፤ ያን ቀን ግን ድንጋይ በድንጋይ እየረገጥኩ ተሻገርኩ። የማዶዋ እመት ጥሩነሽ ፍሙን ገሉ ላይ እየቆለሉልኝ "እሳትም ይከለከላል እንዴ?" ብለው ሳቁ።

ልጄ አጥሚቷን ጠጥታ መጫወት ስትጀምር ጋሼ ቢተው ባዶ ገል ይዘው በራፌ ላይ ቆሙ።

"ከማዶው እሳት ለእኔም ትንሽ ጫሪልኝ" አሉ ቀስ ብለው። "ከነገ ገዢዎቻችን ጋር ከወዲሁ መላመድ ጥሩ ነው።"