የክቡር ሰር አምብሮዝ ታማኝ ተቃዋሚ

እግዜር በየከተማው ሁሉን የሚያውቅ አንድ ሰው ይተክላል፤ ከአጠገቡ ደግሞ ያ ሰው ሲያብብ እያየ አንጀቱ የሚያርር ሌላ ሰው ያቆማል። በከተማችን በሃስልብሪጅ ሁሉን አዋቂው ክቡር ሰር አምብሮዝ ትሬድጎልድ ናቸው፤ የምክር ቤት አባል፣ የታሪክ ጸሐፊ፣ የባለ አራት ቅጽ መጽሐፍ ባለቤት። የሚያርረው እኔ ነኝ። ኤድጋር ፕሎው እባላለሁ፤ ጡረታ የወጣሁ የታሪክ አስተማሪ።

“ክቡርነትዎ” የምላቸው በአደባባይ ነው። አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን ስለተማርን ቤት ውስጥ አምብሮዝ ነው፤ ሲብስብኝ ደግሞ “ያ ሰውዬ”።

ያ ሰውዬ አፉን የሚከፍተው “ታሪክ እንደሚያስተምረን” ብሎ ነው። ዓሣ ጥብስ ቤት ይገባና “ታሪክ እንደሚያስተምረን፣ ሰኞ ዓሣ ትኩስ ሆኖ አያውቅም” ይላል። ሻጩ ይቆጣል? ምን በወጣው! ከጓዳ ሌላ ያወጣለታል፤ ድንቹንም ቆለል አድርጎ ይጨምርለታል። እኔ በሳምንቱ ሄጄ ያንኑ ብናገር “ካልፈለግክ በሩ ያውልህ” ተባልኩ።

ነገሩ የጀመረው በልጅነታችን ነው። አስተማሪያችን የከተማው ድልድይ መቼ እንደተሠራ ጠየቀን። እኔ ትክክለኛውን ዓመት ተናገርኩ። አምብሮዝ ተነሥቶ መቶ ዓመት ያህል ተሳስቶ መለሰ፤ ግን በምን ዓይነት ድምፅ! አስተማሪው መጽሐፉን ገልጦ ካየ በኋላ “የኅትመት ስህተት ሳይሆን አይቀርም” አለ። አምብሮዝ ፖለቲከኛ እንደሚሆን ያን ቀን ገባኝ።

ስለዚያው ድልድይ መጽሐፍ ለመጻፍ ዕድሜዬን ፈጀሁ። ምሰሶውን ለካሁ፣ ድንጋዩ ከየት እንደመጣ አፈላለግኩ፣ ወንዙ ውስጥ ቆሜ ብርድ መታኝ። እሱ በዚያ መሃል በአንድ የበጋ ዕረፍት ብቻ ከሮማውያን እስከ እኛ ዘመን ያለውን የአገር ታሪክ ጽፎ ተመለሰ፤ ፊቱም በፀሐይ ጠይሞ አምሮበት ነበር። ባለቤቴ ሂልዳ የእሱን መጽሐፍ አልጋ ላይ እያነበበች ትስቃለች። የእኔን አንብባ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። እርግጥ የእኔ ስለ ምሰሶ ነው።

ድልድዩ ታድሶ ሲመረቅ ሪባኑን እንዲቆርጡ የተጠሩት ማን ናቸው? ክቡርነታቸው! ወረቀት ሳይዝ ቆሞ የኔን የዕድሜ ልክ ልፋት ሻይ እስኪፈላ ባለው ጊዜ ውስጥ ተረከው። እናቶች አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፤ የእኔ ግን ሌላ ነው። ሥጋ ሻጩ ትከሻዬን መታ አድርጎ፣ “ኤድጋር፣ አንተም እኮ ስለ ድልድዩ አንድ ነገር ሞካክረህ ነበር፣ አይደል?” አለኝ። እውነቱን ለመናገር አምብሮዝ ሲጀምር “ይህን ሁሉ ያወቅኩት ከወዳጄ ከኤድጋር ነው” ብሎ ነበር። ግን ያን ጊዜ የማርሽ ባንዱ ገና ጥሩንባውን አላቆመም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ተቀምጦ የሰው አቤቱታ ይሰማል። አንዲት መበለት ጣሪያዬ ያፈሳል ብላ መጣች። እሱ ከሣር ክዳን ጀምሮ የጣሪያን ታሪክ ነገራት፤ “የቀረውን ሦስተኛው ቅጽ ላይ አብራርቼዋለሁ” ብሎም ሸኛት። እኔ ጋዜጣ የማነብ መስዬ ከመደርደሪያው ጀርባ ነበርኩ። እሰይ፣ ዛሬስ ተዋረደ ብዬ ማታ መጠጥ ቤት ውስጥ ለሁሉም አወራሁ። በሳምንቱ ጣሪያው ተሠርቶ አደረ። አይናገር፣ አያስወራ፤ እንዲሁ አሠራላት። በዚህ ነው የሚያበግነኝ! ለፍላፊ ብቻ ቢሆን ኖሮ እኮ በሰላም እንቀው ነበር።

በየምርጫው የተቃዋሚውን ሪባን ደረቴ ላይ ለጥፌ እዞራለሁ። መጠጥ ቤት ውስጥ ስሙን በማጥፋት እንደኔ የሰለጠነ የለም። እሱ ግን አይከፋም። እንግዳ ሲመጣበት ክንዴን ይዞ “ተዋወቁት፤ ታማኝ ተቃዋሚዬ ነው” ይላል፣ የገዛ ፈረሱን እንደሚያሳይ ሰው።

ያለፈው ምርጫ ግን የዋዛ አልነበረም። ተቀናቃኙ ወጣት ጠበቃ ናት፤ በየበሩ አንኳኳች። አምብሮዝም አንኳኳ፤ አንዱ በር ላይ ቆሞ ስለ በሩ ዘመን ሲያወራ ግን እሷ መንገዱን ትጨርሳለች። አንድ ቀን ድልድዩ ላይ አገኘሁት።

“ኤድጋር፣ ይህን ወንበር ካጣሁ አለቀልኝ” አለ። “ታሪክ እንደሚያስተምረን” እንኳ አላለም። ደነገጥኩ።

በምርጫው ዋዜማ ገበያ መሃል ሣጥን ላይ ቆሞ ሲናገር ወድቆ ቁርጭምጭሚቱ ተጣመመ። በምርጫው ዕለት ዝናቡ ያወርደዋል። ወደ ማታ ላይ የዝናብ ልብሴን ለብሼ ወጣሁ፤ ሂልዳ ጠዋት መርጣ ስለነበር “ስታልፍ ይህን ለአምብሮዝ አድርስለት” ብላ የፖም ኬክ አስያዘችኝ። አምብሮዝ ብቻውን እግሩን በርጩማ ላይ ሰቅሎ ተቀምጧል። መኪናው አሮጊቶችን ወደ ምርጫው ለማመላለስ ሄዷል።

“ወዴት ነው በዚህ ዶፍ?” አለኝ።

“ልመርጥ ነዋ!”

“እኔን ልትጥል?”

“ታዲያ ላነግሥህ መሰለህ?” አልኩ፤ አፌ ለምዶበታል።

ሳቀና፣ “እንግዲያው ስማኝ። እኔ በዚህ እግሬ ተንፏቅቄ ሄጄ ለራሴ እሰጣለሁ፤ አንተ ትከተለኝና ትሽረዋለህ። ሁለት ሽማግሌ ምን በወጣው በዝናብ ይበሰብሳል? ምክር ቤት እንደምናደርገው እንጣመድ። አንተም ቅር፣ እኔም ልቅር፤ ሂሳቡ ያው ነው” አለ።

መጣመድ የምክር ቤቱ የቆየ ልማድ ነው። ከሁለት ወገን ሁለት ሰዎች ተማምነው ከድምፅ ይቀራሉ፤ የአንዱ የሌላውን ይሽራልና። ፊርማ የለው፣ ምስክር የለው፤ ቃል ብቻ ነው። ያፈረሰ ሰው ከዚያ ወዲያ ሻዩን የሚጠጣው ብቻውን ነው።

አንድ ነገር ምላሴ ጫፍ ላይ መጥቶ ነበር። ጫማዬን አየሁ፤ ኬኩን አየሁ፤ ነገሩን ዋጥኩት። “ይሁን” አልኩ። እጄን ጨበጠኝ። ከዚያ ምርጫው እስኪዘጋ ድረስ ኬክ እየበላን ስለ ድልድዩ ዓመት ተጨቃጨቅን። አሁንም በመቶ ዓመት ይሳሳታል።

ቆጠራው በማግስቱ ጠዋት በስፖርት አዳራሹ ተደረገ። ቆጠሩ፤ ደገሙ፤ ሠለሱ። ክቡር ሰር አምብሮዝ ትሬድጎልድ በአንድ ድምፅ ልዩነት ተሸነፉ።

ወጣቷን ጨብጦ መረቃትና እያነከሰ ወደ እኔና ወደ ሂልዳ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። የኬኩን ቀን ጭውውት ከእኔ የሰማችው ሂልዳ፣ “ምነው አምብሮዝ፣ ሁለታችሁም ብትወጡ ኖሮስ?” አለችው።

“ያው ነበር ሂልዳ። የኔን የሱ ይሽረው ነበር” አለና ትከሻዬን ያዘኝ። “ግን ሰው ማለት ኤድጋር ነው። ሌላ ቢሆን በጓሮ ዞሮ ሄዶ ይመርጥ ነበር።”

ምነው በጓሮ ዞሬ በሄድኩ! ከመጀመሪያው ምርጫ ጀምሮ እዚያች ጠባብ የምርጫ መከለያ ውስጥ ገብቼ በክር የታሰረችውን እርሳስ ስይዝ፣ እጄ ከአምብሮዝ ስም ወደ ሌላ ሄዶ አያውቅም። ሪባኑ ደረቴ ላይ እያለ ነው ይህ ሁሉ። ስለዚያ ጣሪያ ነው ልበል? እሱ ከወደቀ በማን ልቀና ነው ልበል? እወደዋለሁ፣ ይኸው ነው። ይህን ከመናገር ግን ወንዙ ውስጥ መግባት ይቀለኝ ነበርና በመጣመዱ ተስማማሁ፤ ለእሱ የሚሆኑ ሁለት ድምፆች፣ የእሱና የእኔ፣ ኬክ ሲበሉ አመሹ።

ባለፈው ሳምንት አምስተኛውን ቅጽ ይዞ ቤቴ መጣ። የመጨረሻው ምዕራፍ ስለ ሽንፈቱ ነው። ምክንያቱን አንድ በአንድ ዘርዝሮታል፤ የወተት ዋጋ፣ የተጣመመው እግር፣ የወጣቷ ትጋት፣ ዝናቡ። እኔም አለሁበት፤ “ቃሉን የጠበቀ ባላንጣ” ይላል።

“እውነትን በመጠንቀቅ ካንተ የሚበልጥ የለም” አለኝ ሻዩን እያማሰለ። “ታሪክ እንደሚያስተምረን፣ ሁልጊዜ አንድ የሚዘነጋ ምክንያት አይጠፋም። የጎደለ ካለ ንገረኝ።”

ዕድሜዬን ሙሉ እሱ የማያውቀውን አንድ የታሪክ እውነት ለማወቅ ስመኝ ኖሬአለሁ። ይኸው አገኘሁ። ብቻዬን ነው የማውቀው። የድልድዩን ዓመት አረምኩና ወረቀቱን መለስኩለት።

“ዝናቡን ግን አሳንሰኸዋል፣ አምብሮዝ” አልኩት። “ከዚህ የበለጠ ነበር።”